አዲስ አበባን ከትንንሽ ልጆች ጋር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየክረምቱ ቤታችን በእንግዳ ይሞላል። እህቴ ከሜሪላንድ ትመጣለች፣ የባለቤቴ ወንድም ከድሬዳዋ፣ አንዳንዴም የአክስቴ ልጅ ከዱባይ። ሁሉም ልጆች ይዘው ነው። እኛም የራሳችን ሁለት አሉን፤ ትልቁ 7፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባን አንዱን አዝሎ ሌላውን አስከትሎ መዞር ምን እንደሚመስል በደንብ አውቀዋለሁ። ከጉዞው በፊት በስልክ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ደግሞ ዓመት ከዓመት ያው ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደጋግም አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ስንት ቀን ይበቃናል?

ከተማዋን ለማየትና ሁለት ቀን ደግሞ ወጣ ለማለት ከ8 እስከ 10 ቀን ጥሩ ነው። ከአሜሪካ የምትመጡ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከሒሳቡ አውጧቸው። የዋሽንግተንና የአዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት በእነሱ በጋ 7፣ በእነሱ ክረምት 8 ሰዓት ነው። በሐምሌ ከመጣችሁ ልጆቹ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይነሳሉ። ለሰውነታቸው ገና ምሽት 2 ሰዓት ነው። በእነዚህ ቀናት የትም አትሂዱ። ግቢ ውስጥ ይሩጡ፣ ፀሐይ ይሙቁ፣ ዶሮ ያባርሩ። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዓረብ አገር ለምትመጡ ልዩነቱ ቢበዛ 3 ሰዓት ስለሆነ የአንድ ቀን ዕረፍት ይበቃል።

በቀን ስንት ቦታ ማየት እንችላለን?

አንድ። ያውም ከምሳ በፊት።

እህቴ የመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ በወረቀት ጽፋ ነበር። ጠዋት ሙዚየም፣ ቀጥሎ አንድነት ፓርክ፣ ምሳ አክስታችን ቤት፣ ከሰዓት እንጦጦ። ሁሉም በአንድ ቀን! 8 ሰዓት ላይ ትንሹ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ጥሎታል። መካከለኛዋ ጫማዬ ጠበበኝ ብላ ታለቅሳለች። ትልቁ ደግሞ «ቤት መቼ ነው የምንሄደው?» ይላል፤ ቤት ሲል ሜሪላንድን ነው። የዚያን ቀን አንበሳውን ረጋ ብዬ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አይቼው አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን። 3 ሰዓት አካባቢ ከቤት እንወጣለን። አንድ ቦታ እናያለን። 6 ሰዓት ተኩል ምሳ፣ ከዚያ ቤት። ከሰዓት በኋላው የልጆቹ ነው። የሚተኛው ይተኛል፣ የሚጫወተው ይጫወታል። ዘመድ የሚመጣውም ያን ጊዜ ነው። «ይህን ሁሉ ብር ከፍለን መጥተን ቤት እንቀመጥ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። በሁለተኛው ቀን ራሱ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ።

መቼ ብንመጣ ይሻላል?

የአየሩን ነገር ካላችሁኝ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያሉት ሳምንታት። ዝናቡ ወጥቶ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ መስቀልም መስከረም 17 አለ። ችግሩ የውጭ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ መሆኑ ነው። ያ ደግሞ ዋናው ክረምት ነው።

ለዚህ ብላችሁ አትቅሩ። በክረምት ብዙ ጊዜ ጠዋት ላይ ይገለጥና ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ከምሳ በፊት አንድ ቦታ የሚለው ነገር ለክረምት የተፈጠረ ይመስላል። የዝናብ ጃኬት፣ ቦት ጫማና ወፍራም ሹራብ ያዙ። «አፍሪካ ሙቀት ነው» ብሎ ልጁን በቁምጣ ይዞ የመጣ ዘመድ አለኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን ረስቶት ነው። ማታ ማታ ልጁ የእኔን ጋቢ ለብሶ ከረመ።

ከአሜሪካ በታኅሣሥ ዕረፍት የምትመጡ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ነው፤ በፈረንጆቹ ጥር 7 መሆኑ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ይከፈታል። ጥቂት ቀን ማስፈቀድ ከቻላችሁ በዓሉን ታገኛላችሁ። ጥምቀትን ከትንንሽ ልጆች ጋር ለማየት ካሰባችሁ ጃንሜዳ መሐል አትግቡ፤ ሕዝቡ ብዙ ነው። ከተራ ዕለት ከሰፈራችሁ ደብር ታቦት ሲወጣ ዳር ቆማችሁ እዩ። ለልጅ እሱ ይበቃዋል።

ከተማ ውስጥ ልጆች የት ደስ ይላቸዋል?

አንድነት ፓርክ ቀዳሚው ነው። በ2012 መጀመሪያ ነው ለሕዝብ የተከፈተው፣ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ። ጎፈሬያቸው የጠቆረ አንበሶች አሉ፣ የነገሥታቱ ቤቶች አሉ፣ የግብር አዳራሹ አለ። ከአንበሶቹ ጀምሩ። ብዙ ወላጅ ከታሪኩ ይጀምርና ልጁ ከሁለተኛው ክፍል በኋላ ይነጫነጫል። አንበሳውን ካየ በኋላ ግን አዳራሹ ውስጥ ገብታችሁ «እዚህ ጋ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቁጭ ብሎ ሥጋ ይበላ ነበር» ስትሉት ያዳምጣችኋል። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ፣ ፍተሻም አለ። ሰኞ ዝግ የሚሆኑ ቦታዎች ስላሉ የትም ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። ለትንንሽ ልጆች አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትጎትቷቸው። ቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ውሰዷቸው። በ1967 ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት መሆኗን ብትነግሯቸው ለእነሱ ቁጥር ነው። ቁመቷ ግን 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ገደማ ነው። የእኔዋ የ4 ዓመት ልጅ አጠገቧ ቆማ «እኔን ታክላለች!» ብላ ጮኸች። ሰላምንም ንገሯቸው። ዲኪካ ላይ በእነ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተገኘች ሕፃን ናት፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የቆየች፣ ስትሞት 3 ዓመት ገደማ የነበረች። ልጆች ስለ ሌላ ልጅ መስማት ይወዳሉ። «እናቷስ የት ሄደች?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

እንጦጦ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ፓርኩ በ2013 ነው የተከፈተው። ፈረስ አለ፣ መጫወቻ አለ፣ በባሕር ዛፉ መሐል መሮጫ አለ። ከፍታው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በደረሳችሁ በማግስቱ አትውጡ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ይሁን። ልጅ «ደከመኝ» ካለ እውነቱን ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ከላይ ሆናችሁ ከተማዋን እያሳያችሁ የጣይቱን ታሪክ አውሯቸው። ንግሥቲቱ ብርዱን ሸሽታ ወደ ፍል ውሃው ወረደች፣ ቦታውን ወደደችው፣ ቤት አሠራች፣ አዲስ አበባ አለችው። 1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ልጆች ይህን ታሪክ የሚወዱት ንግሥቲቱ ስለበረዳት ይመስለኛል።

ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከ6 ዓመት በላይ ላሉት ይሁን። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ማታ ታሪኩን ቤት ንገሯቸው፤ የካቲት 23 ቀን 1888ን። ሰምቶ የሄደ ልጅና ሳይሰማ የሄደ ልጅ እኩል አያዩም። ዝናብ ከያዛችሁ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ወዳጅነት ፓርክ ደግሞ ምንም ሳያስቡ ልጅ ለማስሮጥ ነው።

ቀላል ባቡሩንም አትርሱት። ለትልልቆች ሰልፍና ግፊያ ነው፣ ለልጅ ግን ባቡር ባቡር ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ግፊያው ሲቀንስ ሁለት ሦስት ፌርማታ ሄዳችሁ ውረዱ። ሰልፉ ረጅም ከሆነ ተዉት።

መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የሰው አፅም አለበት፤ ለትንሽ ልጅ አይሆንም።

ደርሰን የምንመለስበት የቀን ጉዞ የትኛው ይሻላል?

ከ6 ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ቢሾፍቱ፣ ሌላ አትፈልጉ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፈጣን መንገዱ ክፍያ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል አየሩ ሞቅ ይላል። ሐይቆቹ፣ እነ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ይህን ለወንድሜ ልጅ ስነግረው ቀኑን ሙሉ «አሁንም ይፈነዳል?» እያለ ሲጠብቅ ዋለ። እዚህ ላይ ለወላጅ የሚሆን ቁም ነገር አለ። ጉድጓድ ስለሆኑ ዳራቸው ገደላማ ነው፣ ውሃውም ቶሎ ይጠልቃል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። እንደ ባሕር ዳርቻ ልጅ እግሩን ነክሮ የሚጫወትበት ነገር አይደለም። መዋኘት ከፈለጉ የሆቴል ገንዳ አለ። ጀልባ ላይ ስትወጡ በልጁ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ጠይቁ፣ ከሌለ አትውጡ። አንድ ጊዜ «ችግር የለም፣ እኔ እይዘዋለሁ» ያለን ቀዛፊ ነበር። አመስግነነው ዳር ቁጭ ብለን አሳ በላን።

ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎች ምሳ ለሚበላ ሰው ግቢያቸውን ይከፍታሉ፤ አንዳንዶቹ መግቢያ ያስከፍላሉ። ቅዳሜና እሑድ ሰርገኛውም፣ ልደት አክባሪውም እዚያ ነው። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሂዱ። መስከረም መጨረሻ አካባቢ ሆራ ላይ ኢሬቻ ሲከበር መንገዱ ይሞላል። በዓሉን ለማየት ካልሆነ ሌላ ቀን ምረጡ።

ሁለተኛው መናገሻ ሱባ ነው፣ በምዕራብ በኩል። ያረጀ የጥድ ደን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ካዩ ልጆቹ መመለስ አይፈልጉም። መጨረሻው መንገድ ፒስታ ነው፣ በክረምት ይጨቀያል፤ ከፍ ያለ መኪና ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ምግብ ቤት ፍለጋ አትዙሩ፣ ስንቅ ቋጥሩ።

ሦስተኛው የቡታጅራ መንገድ ነው፣ ለ6 ዓመትና ከዚያ በላይ። አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ አለ። የድንጋይ ዘመን ሰዎች መሣሪያ የተገኘበት ነው፣ በ2016 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀጥሎ አዳዲ ማርያም፣ ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን። ጫማ ስለሚወለቅ ለልጆቹ ወፍራም ካልሲ አድርጉላቸው፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። መጨረሻው ጢያ ነው፤ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል። ልጆቹን ጎራዴ አስቆጥሯቸው። የእኛዎቹ እየተጨቃጨቁ ሦስት ጊዜ ቆጠሩ፣ ሦስቱም ጊዜ የተለያየ ቁጥር መጣ። እኛ በዚያ መሐል ቡናችንን ጠጣን። ሦስቱንም ቦታ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ልጆቹ ግን ሁለቱን ብቻ ያስታውሳሉ። አንዱን ዝለሉ።

ደብረ ሊባኖስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ገዳሙም፣ የጀማ ሸለቆም፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም ድንቅ ናቸው። ገደሉ ግን አጥር የለውም። እጅ መያዝ እምቢ የሚል የ3 ዓመት ልጅ ካላችሁ ቀኑን ሙሉ ልባችሁ ተሰቅሎ ትውላላችሁ። ከ8 ዓመት በኋላ ይሁን ባይ ነኝ። ወንጪን ደግሞ የቀን ጉዞ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ልጅ የለውም ማለት ነው። መሄጃው ብቻ ከ150 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አንድ ሌሊት ካላደራችሁ ይቅር።

ከከተማ ስንወጣ መንገዱ ሰላም ነው?

እንደ አቅጣጫውና እንደ ሰሞኑ ነው። ባለፈው ዓመት የተሄደበት መንገድ ዘንድሮ ላይሄድበት ይችላል። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ቀን ቀድማችሁ በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ። ፓስፖርት የሰጣችሁ አገር ኤምባሲም ምክር ያወጣል፣ እዩት። ሁለት ሰው «አይ፣ ሰሞኑን እንኳ…» ካለ ተዉት። ምሽት 12 ሰዓት ሳይሞላ ከተማ ግቡ።

በምን እንንቀሳቀስ?

ለከተማ ውስጥ በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች፣ እነ ራይድና ፈረስ፣ ከልጅ ጋር ይቀላሉ። ሚኒባስ ታክሲ ለአንድ ጊዜ ልጆቹን አሳፍሯቸው። ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል መስማታቸው ብቻ ይበቃል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ሲጣሩ ይከርማሉ። ከከተማ ለመውጣት ግን መኪና ከነሹፌሩ ለቀኑ በኮንትራት ያዙ። ዋጋውን ነዳጅና የሹፌር ምሳ ጨምሮ ወይስ ሳይጨምር እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የልጅ መኪና ወንበር ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ። እዚህ ታክሲ ውስጥ አታገኙትም። ብዙ መኪና ላይ የኋላ ቀበቶው ወንበሩ ሥር ተቀብሯል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሹፌሩ እንዲያወጣው ጠይቁ። ሊስቅባችሁ ይችላል። ይሳቅ።

ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን አጥሩ። «ነገ 2 ሰዓት» ስትሉ ጠዋት 2 ሰዓት በሉ። ከውጭ የመጣ ዘመዳችን በፈረንጅ ሰዓት አስቦ «በ7 ሰዓት ና» ብሎ ሹፌር ቀጠረ። ልጆቹ ጫማቸውን አጥልቀው ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ቆሙ። ሹፌሩም በሰዓቱ መጣ፣ ከምሳ በኋላ።

የልጅ ጋሪ ላምጣ?

የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው ጎዳናዎች፣ ቦሌ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ጋሪ ይሄዳል። ወደ ሰፈር ስትገቡ ኮብልስቶን ነው፣ ልጁ እንደ ጌሾ ይወቀጣል። የሚታጠፍና ቀላል ከሆነ አምጡ። ማዘያ ግን የግድ ነው። እናቴ የሕፃን ማዘያቸውን ከነመቆለፊያው አገላብጣ አየችና «ይኼ ሁሉ ገመድ ምን ያደርጋል?» ብላ አንቀልባዋን አወጣች። ልጁ በአምስት ደቂቃ ተኛ።

ሆቴል እንያዝ ወይስ ዘመድ ቤት?

ከሦስት ቀን በላይ ከሆነ ኩሽና ያለው የሚከራይ አፓርታማ እመርጣለሁ፣ ለብዙ ጊዜ ወደምትሄዱበት ዘመድ ቤት ቀረብ ያለ። ቀኑ ከምሳ በኋላ ቤት ስለሆነ ቤቱ ከሚታዩት ቦታዎች ይልቅ ለእንቅልፍ መቅረብ አለበት። ስትከራዩ ስለ ሶፋው አትጠይቁ። ሮቶ አለው? ጄኔሬተር አለው? ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? የበረንዳው ብረት ክፍተት የልጅ ጭንቅላት ያሳልፋል? የመጨረሻውን በፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። በሌሊት የውሻ ጩኸት፣ ቅዳሴና አዛን ይኖራል። ልጆቹ በሁለተኛው ሌሊት ይለምዱታል፣ እናንተ ትቆያላችሁ።

ዘመድ ጥየቃ ቀናችንን በላው፣ ምን ይሻላል?

ይህ ከሙዚየም ሁሉ ይከብዳል። አንዱ ጋ ሄዳችሁ ሌላው ጋ ከቀራችሁ ቅያሜ አለ። ከሄዳችሁ ደግሞ ሳትበሉ አትወጡም። ከበላችሁ ቡና አለ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ መነሳት ነውር ነው። እንዲህ እያለ አሥር ቀን ያልቃል።

እኛ ጋ የሠራው ይህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቅዳሜ ታላቋ አክስታችን ቤት ሁሉም ዘመድ ይሰበሰባል። ቤቱ የታላቅ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ታናሽ ቤት ከሆነ ታላቆቹ ይከፋቸዋል። የቀሩት ከሰዓት በኋላ እናንተ ጋ ይምጡ። መነሳት ስትፈልጉ ደግሞ «የልጆቹ የእንቅልፍ ሰዓት ደረሰ» በሉ። ማንም የማይቀየመው ምክንያት እሱ ብቻ ነው። እኔ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ምን ልል እንደምችል እያሰብኩ ነው።

ሦስት ነገር ልጨምር። ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የማያውቋቸው ሰዎች አገላብጠው ይስሟቸዋል፣ ጉርሻም ያጎርሷቸዋል። አለርጂ ካለባቸው ከበር ጀምሮ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» የሚል ሰው አለና። ከሁሉም በላይ ግን ቡና ሲፈላ ከሰሉም ጀበናውም መሬት ላይ ነው። የውጭ አገር ልጅ እሳት መሬት ላይ አይቶ አያውቅም። ለቡናው ጥግ ያዙ፣ በመካከል አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጥ።

ምን ይበላሉ?

አትጨነቁ፣ ፓስታ በሁሉም ቦታ አለ። ገጠር መንገድ ላይ ያለች ምግብ ቤት እንኳ ፓስታ አታጣም። ጠዋት ቂንጬ፣ ጨጨብሳ ወይም ገንፎ ስጧቸው። ለምሳ አልጫ፤ «በርበሬ የሌለበት» ማለት ብቻ አይበቃም፣ «ሚጥሚጣም፣ ቃሪያም የሌለበት» በሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወራትም፣ አንዳንድ ቤት ወተትና እንቁላል ላታገኙ ትችላላችሁ። ክትፎ ለልጅ በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ለብለብ አይቆጠርም። እስፕሪስ ይወዳሉ፣ ግን ፍሬው በምን ውሃ እንደታጠበ ስለማይታወቅ ቤት ሥሩላቸው።

ሽንት ቤትስ?

ማንም ሳይጠይቀኝ የምመልሰው ይህን ነው። ከቤት ስትወጡ ሁሉም ይሽኑ፣ «አልመጣብኝም» ያለውም። ከተማ ውስጥ ሆቴልና ትልልቅ ካፌ ግቡ፣ ማኪያቶ አዝዛችሁ። ሶፍት፣ የእጅ ማጽጃና አንድ ሃይላንድ ውሃ ከቦርሳ አይጥፋ። ለቀን ጉዞ ፖፖ መኪና ውስጥ አስቀምጡ። እህቴ «ልጄ 5 ዓመቱ ነው፣ ፖፖ አልፏል» ብላ ነበር። ቡታጅራ መንገድ ላይ አላለፈም።

ቢታመሙስ?

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታትና ድካም ከከፍታው ሊሆን ይችላል። ውሃ ይጠጡ፣ ይረፉ፣ ካልተሻላቸው ሐኪም ጋ። ፀሐዩ ብርድም እያለ ያቃጥላል፣ ባርኔጣና የፀሐይ ክሬም ያዙ። የታሸገ ውሃ ይጠጡ፣ ጥርስም በእሱ ይፋቁ። ተቅማጥ ከመጣ ኦአርኤስ ከማንኛውም መድኃኒት ቤት ይገኛል። ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለው ወይም ልጁ ካልጠጣ ግን ቤት ሆናችሁ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ወባ የለም፤ ዝቅ ወዳሉ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ወደ አዋሽ፣ ከሄዳችሁ ግን አለ። ስለ ክትባትና ስለ ወባ መከላከያ ከመምጣታችሁ ሳምንታት ቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁን ካተኮሰው የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ልጄ ጎዳና ላይ ያሉ ልጆችን አይቶ «ለምን?» አለኝ። ምን ልበለው?

እህቴ መጀመሪያ መስኮት ትዘጋ ነበር። ልጁ ግን አይቷል። አሁን ባጭሩ እውነቱን ትነግረዋለች፦ ቤት የሌላቸው ልጆች አሉ፣ የሚረዷቸውም አሉ፣ ሁሉም ጋ አልተደረሰም። አንድ ቀን መብራት ላይ ቆመን ልጁ ብስኩቱን ሰጠና «ስምህ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ያኛውም ነገረው። ስማቸው አንድ ሆነ። ሁለቱም ሳቁ፣ መብራቱ በራ፣ ሄድን።

ልጆቹ አማርኛ አይችሉም። ይቸገራሉ?

እናንተ ትቸገራላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ አስተርጓሚ ናችሁ። እነሱ ግን ኳስ ካለ ምንም አይሆኑም። ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆች ግቢያችን በር ላይ ይሰበሰባሉ። የ6 ዓመቱ የእህቴ ልጅ በሦስተኛው ቀን «አቀብለኝ!» ማለት ጀመረ። በአምስተኛው ቀን «ኧረ ፋውል ነው!» ብሎ ተከራከረ። አሜሪካ ከተመለሱ በኋላ እህቴ ደወለች። ጠዋት ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሰው ዓይኑን ሳይገልጥ «ቆይ፣ አንዴ» ይላታል አሉ።